የጋሽ ተፈራ ወንበር፦ ከላምበርትሴተር እስከ ጋምለ ኦስሎ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እኔ፣ ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራና ልጃቸው ሐና ኖርዌይ፣ ኦስሎ ከተማ ውስጥ ካለው የጋምለ ኦስሎ ሰፈር ተነሣን። ዓላማችን አንድ ወንበር ማምጣት ነው። ጋሽ ተፈራ ባለፈው ሳምንት እኔ ወዳለሁበት ሕንፃ፣ ሐና ዘንድ ሲገቡ መኪናው ስለሞላ ላምበርትሴተር ሰፈር ባለው የቀድሞ ቤታቸው ምድር ቤት ትተውት ነበር። የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ አልጋ ላይ ከተጋደሙ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው የሚተኙት እዚህ ወንበር ላይ ዘንበል ብለው ነው። ስድስት ሌሊት ትራስ ደራርበው ሞከሩ፤ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ሜትሮው ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። ላምበርትሴተር ስንደርስ የዱግናድ ቀን ሆኖ ጠበቀን፤ ነዋሪው ሁሉ ያለ ክፍያ ወጥቶ ግቢውን የሚያጸዳበት የጸደይ ቅዳሜ። ግማሹ ክረምቱን በረዶው እንዳያንሸራትት የተበተነውን ጠጠር ይጠርጋል፣ ግማሹ ቋሊማ ይጠብሳል። ከምድር ቤቱ ኮሪደር ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ሁሉ ወጥቶ የቆሻሻ ኮንቴይነር ውስጥ ተጥሏል። ወንበሩም እዚያው ነው፣ በተሰበረ የሕፃን አልጋና በበረዶ መንሸራተቻ መካከል።

ቀረብ ብዬ አየሁት። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያልፋል። የኦክ እንጨት ነው፤ መጋጠሚያው በእንጨት ችንካር እንጂ በምስማር አልተያዘም። ከኋላው አራት ጥርስ አለው። የብረት ዘንጉን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ሲያዛውሩት መደገፊያው ቀና ወይም ዘንበል ይላል።

«ኮንቴይነር የገባ አይወጣም፤ ደንብ ነው» አለች ቢጫ ሰደርያ የለበሰችው የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ። ቋሊማም ጋበዘችን።

«ጾም ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ በተከፈተው የኮንቴይነሩ በር እየገቡ። ወንበሩን አቀኑ፣ ዘንጉን ሦስተኛው ጥርስ ላይ አሳረፉ፣ ተቀመጡ።

«አባ፣ ውጣ እንጂ! ሰው እያየን ነው!» አለች ሐና።

«ይየን! ሃያ ዓመት ቢሯቸውን ስጠርግ ማን አየኝ?» ወደ ሰብሳቢዋ ዞሩ። «እንግዲያው ከነወንበሩ ውሰዱኝ።»

ስድስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው መጣ። ሾፌሩ ወደ ውስጥ አየና ሞተሩን አጠፋ። «ሰው ያለበትን አላነሣም፤ ደንብ ነው።»

ሰብሳቢዋ ጋሽ ተፈራን አየች፣ ሾፌሩን አየች፣ ሰዓቷን አየች። «ውሰዱት» አለች።

እኔና ሐና ተሸክመን ሜትሮ ውስጥ አስገባነው።

«በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ አዲስ እገዛልሃለሁ አላልኩህም?» አለች ሐና።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ኦስሎ ውስጥ መብራት ይጠፋል እንዴ፣ አባ?»

«አንቺ ያደግሽው እዚህ ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ገባን። ጋሽ ተፈራ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ዘንበል አሉ፤ ሐና ሻይ ይዛ ስትመለስ ያንኮራፋሉ። እኔ በጋዜጠኝነት ሥራዬ «ደንብ ነው» ሲሉኝ መልሱን ጽፌ ደብተሬን የምዘጋ ሰው ነበርኩ። ከእንግዲህ አልዘጋም፤ እንደ ሾፌሩ ደንብ ያንን የሚያስቀር ሌላ ደንብ መኖሩንም እጠይቃለሁ።