የተቆለፈው የሰርግ ፎልደር

አባቴ ካረፉ በኋላ ቢቸና ሄጄ መሳቢያቸውን ሳራግፍ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ አገኘሁ። ገመዱ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ጧፍ ጧፍ ይሸታል፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለነበሩ ከእጃቸው የማይጠፋ ሽታ ነበር።

ማዳመጫው የዛሬ ስንት ዓመት የሆነውን አስታወሰኝ፤ ያን ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር። ተጠራጣሪነቴ ግን ከዚያም በፊት የነበረ ነው፤ እናቴ ራሷ "ይቺ ልጅ ጥላዋንም አታምን" ትለኝ ነበር።

ቤታችን ሁለት ኮምፒውተር ነበር። ትልቁ ሳሎን ውስጥ፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሌላው ከታላቅ ወንድሜ የወረስኩት አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ወንድሜ ሁለቱን በገመድ ስላገናኛቸው የሳሎኑን ፎልደሮች አልጋዬ ላይ ሆኜ እከፍት ነበር። አንዱ ውስጥ ሞጣ የተደገሰው የአክስቴ ልጅ ሰርግ ቪዲዮ አለ። እናቴ ከጭፈራው መሐል ዞር ትልና፣ ከቪዲዮ ቀራጩ ጀርባ የተሸሸግኩትን እኔን "ነይ ውጪ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል?" ትላለች። ድምጿ የቀረን እዚያ ብቻ ነበር። ቪዲዮው ከባድ ስለሆነ ላፕቶፔ አልችለው ብሎ ሳልገለብጠው ቆየሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ልከፍተው ስል እምቢ አለኝ። ፈቃድ የለሽም ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ። የአባቴ ዜማም ሆነ የወንድሜ ፋይሎች እንደ ወትሮው ይከፈታሉ። አንድ ፎልደር መርጦ የሚበላሽ ገመድ የለም፤ ሰው አለበት አልኩ።

መጀመሪያ ወንድሜን ጠረጠርኩ። የእናቴ ስም ሲነሳ ብድግ ብሎ ይወጣል። ሊያጠፋት ነው ብዬ እራት ላይ እጁን ሳይቀር አየው ነበር። ቀጥሎ ተከራያችንን ጠረጠርኩ፤ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ የኮምፒውተር መምህር ሲሆን በእኛ ኢንተርኔት ይጠቀማል። አትፍረዱብኝ፣ ከወንድሜ በቀር ሌላ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ያንኑ የጠረጠርኩትን ሰው ለመንኩት።

መምህሩ ዳንቴሉን አጣጥፎ አስቀመጠና ኮምፒውተሩን ሲመለከት ቆየ።

"ኮምፒውተሮቹ ይተያያሉ" አለኝ። "ሼር የተደረገበት መንገድም ክፍት ነው። የተዘጋው ፎልደሩ ራሱ ነው። እዚሁ ቁጭ ብለሽም አይከፈትልሽም።"

"ማነው የዘጋው?"

"እሱን አያሳየኝም። ማን መግባት እንደሚችል ግን ያሳያል።"

የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነበር፦ አባባ። መምህሩ አንብቦት ከወንበሩ ተነሳ። "አባትሽን ሳላስፈቅድ አልነካውም" አለ።

በአባባ ስም መግቢያውን የፈጠረው ወንድሜ ነው፤ አባቴ ዜማ እንዲሰሙበት ብሎ ማዳመጫም ገዝቶላቸዋል። እሳቸው ግን እኛ ፊት ኮምፒውተሩን ነክተውት አያውቁም። ወንድሜን ከሥራ ሲገባ በር ላይ ያዝኩት።

"እሳቸው ናቸው ዝጋው ያሉኝ" አለ ሳያየኝ። "ሙት ዓመቷ ሳይወጣ በዚህ ቤት ዘፈን አይከፈትም አሉ። ከዝርዝሩ ሁላችንንም አስወጣሁ፤ ራሴንም።"

"ታዲያ የሳቸው ስም እዚያ ምን ይሠራል?"

"የአባቴን ስም ልሰርዝ? ምን ብዬ?" አለ። "ደግሞ እሳቸው የት ያገኙታል።"

አላመንኩም። ጥርጣሬዬ አሁን ወደ አባቴ ዞረ። እሑድ ከሰዓት ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና ከአጥሩ በር ተመለስኩ። ሳሎኑ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ማራገቢያ በቀር ድምፅ የለም። ፀሐይ በመጋረጃው አልፋ የአባቴን ጀርባ ታሞቃለች። ማዳመጫው ጆሯቸው ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ላይ እናቴ ትጨፍራለች።

ሲያዩኝ አልደነገጡም። አንዱን ማዳመጫ ከጆሯቸው አውጥተው በነጠላቸው ጠረጉና ሰጡኝ።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አሉ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እናቴ ዞር ብላ "ነይ ውጪ እንጂ" ስትለኝ አላስቻለኝም፤ አለቀስኩ። አባቴ ሌላውን እንደሰኩ ፊቴን ያዩ ነበር።

"ምን አለችሽ?" አሉኝ።

ሊያጽናኑኝ የጠየቁኝ መሰለኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማዳመጫውን ባገኘሁበት ቀን ስልኬ ላይ ሰክቼ ሞከርኩት። ግራው ይሰማል፤ ቀኙ ጭጭ ብሏል። ጠባዬ አይለቀኝምና፣ በኋላ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"ድሮም አንዱ አይሠራም ነበር" አለኝ። "ልቀይርልዎት ስላቸው፣ አንድ ይበቃኛል አሉኝ።"

ስልኩን ዘግቼ፣ የማይሰማውን የቀኙን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ።