የሰብለ ውጤት አልከፈት ያለ ዕለት

ጋሽ መኳንንት በመካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ውጤት የሚይዙ ሰው ነበሩ፤ ድቁና የተማሩ፣ የጾም ቀን ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው የሚጨነቁ። ጥሩዬ ጸሐፊ ነበረች፤ ማተሚያው እርሷ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰብለ ከእስቴ ገጠር መጥታ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ናት። እኔ ደግሞ አስተማሪ ሳይኖረኝ መጽሐፍ እያገላበጥኩ ኮምፒውተር የለመድኩ፣ በዚያ ትምህርት ቤት «ባለሙያው» የምባል ጎረምሳ ነበርኩ።

እነዚህን ሰዎች ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ባለፈው እሑድ የምርቃቷን ፎቶዎች ብትልክልኝ ስልኬ «ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። ደወልኩላት። «አባዬ፣ እኔ ምንም አልዘጋሁም እኮ» አለች። ይህንኑ መልስ ከዓመታት በፊት መካነ ኢየሱስ ላይ ሰምቼው ነበር።

ጊዜው የጥቅምት መግቢያ ነበር። ገብሱ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ መንገዱ ተሰነጣጥቋል። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ሰብለ ጠዋት ስትደርስ የቀሚሷ ጫፍ በጤዛ ርሶ ነበር። ደብረ ታቦር ያለው የመምህራን ማሠልጠኛ ምዝገባ በማግስቱ ይዘጋል፤ ለእርሷ የቀራት አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ብቻ ነው። የጎደላት ደግሞ የታተመ ውጤቷ ነበር።

ውጤቱ ያለው ጋሽ መኳንንት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኝ ገመድ ስለተዘረጋ፣ ጋሽ መኳንንትም ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን እርሷ ዘንድ አንዴ ስለሞሉ፣ ጥሩዬ ከወንበሯ ሳትነሣ የእርሳቸውን ፋይል ከፍታ ታትማለች። ሳምንታት እንዲህ ሠርቶ ነበር። ያን ዕለት ግን፣ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው፣ እምቢ አለ። በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ጻፈብን፤ ከዚያ ሁሉ የገባኝ መከልከላችን ብቻ ነው።

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። የጥሩዬን ኮምፒውተር አጥፍቼ አበራሁ። ጋሽ መኳንንት ለቅዳሴ ሄደው ስለነበር ወደ ክፍላቸው ገባሁ፤ ደግነቱ ኮምፒውተራቸው የይለፍ ቃል እንኳን ሳይጠይቀኝ ተከፈተ። ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ለሁሉም ሰው እንዲፈቅድ አዘዝኩት። እዚያ ሲያዩት ለሁሉም ክፍት ነው። ወደ ጥሩዬ ስመለስ ክልክል ነው። ያንኑ እያደረግኩ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ስመላለስ፣ የቱ እውነቱን እንደሚናገር ጠፋኝ።

ሌላም መንገድ ሞከርን። ፋይሉን በዲስኬት ቀድተን እንዳናወጣ መክተቻው አቧራ ጠጥቶ ከሞተ ቆይቷል። ማተሚያውን ተሸክሜ ወደዚያኛው ክፍል ብወስደው ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለ። በእጅ እንዳንገለብጠው፣ ቀደም ሲል ውጤት ያስቀየረ ሰው ተይዞ ስለነበር፣ ዳይሬክተሩ ከፋይሉ በቀጥታ ያልታተመ ነገር ላይ አይፈርሙም።

ሰብለ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ከቋጠረችው የገብስ ቆሎ ለጥሩዬ ዘገነችላት። ጥሩዬ እየቆረጠመች፣ «ባለሙያው፣ ጠበል እንርጨው እንዴ?» አለችኝ። ሰብለ አልሳቀችም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ፣ አውቶቡሱ በሚቆምበት በኩል ነበር።

ጋሽ መኳንንት ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ።

«ጋሼ፣ የዘጉት ነገር ይኖር ይሆን?» አልኳቸው።

«እኔ? አንተ ልጅ፣ እኔ ከፈትኩ እንጂ ምን ዘጋሁ!» ፊታቸው ተለዋወጠ። «ያለፈው ዓርብ ከቅዳሴ ስመለስ አንድ ገበሬ የልጁን ውጤት ፈልጎ የቢሮዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጥሩዬ ያን ቀን አልገባችም፤ የእኔን ማሽን የሚከፍተውን ቃል ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። እኔ ቆሜ ሳስቀድስ ሰው በእኔ ቁልፍ የተነሣ ደጅ ሲጠና አፈርኩ። ማንም ይግባ ብዬ የይለፍ ቃሉን አጠፋሁት።»

መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ያንን ረጅም እንግሊዝኛ ቃል በቃል አነበብኩት። ወደ መጨረሻው ላይ ባዶ የይለፍ ቃል አይፈቀድም ይላል። ማሽኑ ፊቱ ለተቀመጠ ሰው ያለ ቃል ይከፈታል፤ በገመድ ለሚመጣ ግን ቃል የሌለውን ስም አይቀበልም። አነበብኩት እንጂ አላመንኩትም። ቢሆንም፣ «እስቲ የሆነ ቃል ይስጡት» አልኳቸው። አንገራግረው ጻፉ። ጥሩዬ ዘንድ ስማቸውንና ቃሉን ስንሞላ ተከፈተ።

ወረቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ዳይሬክተሩም ፈርመው ሳይጨርሱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ሮጠን ስንወጣ መንገዱ ላይ የቀረው አቧራው ነበር። ሰብለ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና ጋሽ መኳንንትን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ታዲያ ቁልፍ ካልነበረው ለምን አላስገባንም?»

ጋሽ መኳንንት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ስበው ወደ ቢሮው ተመለሱ።

የልጄ ፎቶ በሁለተኛው ሙከራ ተከፈተልኝ። እኔ ግን ዕድሉን ሳላሳልፍ ተቆጣኋት፤ ለሰው በር ከፍተሽ ከሆነ ዞረሽ በሰውየው በኩል መከፈቱን ሳታዪ አትቀመጪ አልኳት። «እሺ አባዬ» ብላ ሳቀች። ጋሽ መኳንንት ያን ማድረግ ነበረባቸው ልል አልደፍርም። እንኳን እርሳቸው፣ እኔም ደግነታቸው እንዴት በር እንደዘጋ እስከ ዛሬ አጥርቼ ማስረዳት ያቅተኛል።

ያ ዕለት ጥሩዬን የምሳ ሰዓቷን አስከፈላት። እኔን «ባለሙያው» የሚለውን ስሜን። ጋሽ መኳንንት ቁልፉ ተመልሶ እጃቸው ስለገባ ከዚያ ወዲያ ቅዳሴ ላይ ሆነው ልባቸው ቢሮ እየዋለ ተቸገሩ። ሰብለን ደግሞ አንድ ዓመት፤ የተመዘገበችው በሚቀጥለው ጥቅምት ነው።