ቅቤ የጠጣው የፍሬን ጎማ

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት የልጅ ልጄ ፋሲካ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ግቢዬ መሐል ሚኒባሷን በክሪክ አንስታ፣ የፊት ጎማዎቹን አውልቃ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ካሊፐር የሚሉትን የፍሬኑን መያዣ ስትበታትን የፍሬን ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ገባ። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ኋላ ጉሮሮ ይከረክራል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ያዞር ነበር፤ እኔ ግን በርጩማዬን ይዤ ወደ ሽታው ሄድኩ።

ፋሲካ መካኒክነት ተምራ የገዛ መኪናዋን የምትነዳም የምትጠግንም ልጅ ናት። የጨጨሆን ቁልቁለት በየቀኑ ስለምትወርድ፣ አንድ ፒስተን ብቻ ያለውን የድሮውን ካሊፐር ጥላ፣ ከከባድ መኪና የወረደ ባለ አራት ፒስተን ልትገጥምበት ነው። ዝገቱን በብሩሽ ፈግፍጋ፣ ፒስተኖቹን አውጥታ፣ አዳዲስ የጎማ ቀለበት ታስገባለች። አንዷን ቀለበት አንስቼ ምን እንደምትሠራ ጠየቅኋት።

“ዘይቱን የምትይዘው እሷ ናት እምዬ። ፍሬን ሲረገጥ ፒስተኑ ወጥቶ ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫነዋል። እግር ሲነሳ ደግሞ ይችው ቀለበት መልሳ ትስበዋለች።”

“በምን ጉልበቷ?”

“ጎማ አይደለች? ትለጠጥና ትመለሳለቻ!”

“በምንድን ነው የምታሻት?”

“በራሱ በፍሬን ዘይት። ሌላ ቅባት ከነካት አለቀላት።”

“ቅቤስ?”

ፋሲካ ሳቋ መጣ። “ቅቤ ደግሞ ለምን ትቀባለች፣ አራስ ናት እንዴ?”

እኔ አልሳቅሁም። የፍሬን ጎማ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኛ።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ሞቶ፣ እናቴ ከጓሮ ያለችውን ቤት ለጋሽ ሰይድ አከራይታቸው ነበር። ጋሽ ሰይድ ከወሎ በኩል የመጡ፣ በከተማችን ያኔ ብቸኛው መካኒክ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ቁልፎቻቸውን በአሮጌ የጥይት ሣጥን የሚያስቀምጡ ሰው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ አጠገባቸው ቁጢጥ እላለሁ። በአንድ እግር የሚረገጥ ነገር እህልና ሰው የጫነ መኪና እንዴት ያቆማል? ዘይቱ በዚያች ቀጭን ቱቦ ማን ገፍቶት ይሄዳል? ሌላው ትልቅ ሰው “አንች ልጅ፣ ሂጅና ውኃ ቅጅ” ይለኝ የነበረውን ጥያቄ እሳቸው ሥራቸውን አቁመው፣ አፈር ላይ በእንጨት ሥለው ይመልሱልኛል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ፍሬን ሲሠሩ የተበላሸው አንዱ ጎን ብቻ ቢሆንም ሁለቱንም መፍታታቸው ነበር። አንዱ ጎን ብቻ በርትቶ ከያዘ መኪናው ወደዚያው ይጎትታል ይላሉ፤ የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ፣ ሥራው ግን እኩል። ከወንድሜ እኩል ቂጣ ተቆርሶልኝ ለማያውቅ ለእኔ፣ ይህ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር።

አንድ ዓርብ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ፍሬን ፈትተው፣ ትናንሾቹን የፒስተን ጎማዎች አጥበው በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደረደሩና ለጁምዓ ሄዱ። ያን ጊዜ እንደ ፋሲካው ያለ ዲስክ የለም፤ ፍሬኑ ታምቡር በሚሉት ክብ ብረት ውስጥ ነው፤ ፒስተኑና ጎማው ግን ያው ነው። ጎማዎቹን ነፋሱ ሲያደርቃቸው አየሁና አዘንኩላቸው። በእኛ ቤት የደረቀ ነገር መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የአራሽ ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ይታሻል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ቅቤ ይቀባል፣ ራሱን ያመመው ሰው እንኳ አናቱ ላይ ቅቤ ይጣልለታል። እናቴ ለጠጉሯ ካስቀመጠችው ለጋ ቅቤ ቆንጥሬ መጣሁና ጎማዎቹን አንድ በአንድ አሸኋቸው፤ የግራውንም የቀኙንም እኩል፣ ሳላዳላ። ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ መኪናው ለነገ ገበያ ሊጭን ባለቤቱ ይቸኩላል፤ ጎማዎቹም ሲያብረቀርቁ ዘይት የነካቸው መስሏቸው ገጠሟቸው። ጎሽ የሚለኝ ባይኖርም ሆዴ በደስታ ሞላ።

ለሳምንት ያህል መኪናው በደህና ሄደ። ከዚያ ጨጨሆ ላይ የፊት እግሮቹ ጭምድድ አድርገው ያዙና ጢስ በጢስ ሆነ፤ ከጭነቱ ላይ የነበረው ሰው እየዘለለ ወረደ፤ አምላክ ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ቅዳሜ ነጋዴው ገበያው መሐል ቆሞ ጮኸ፦

“ሰው ሆይ ስማ! ይህ ሰይድ የሚሉት ሰውዬ እጁ የገደል ነው! ዛሬ የእኔን መኪና፣ ነገ የእናንተን ልጆች ነው ገደል የሚሰዳቸው!”

ጋሽ ሰይድ መኪናውን ፈትተው አይተው “ጥፋቱ የእኔ ነው” ከማለት በቀር አልመለሱለትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእህል ወፍጮ ሞተር እንኳ የሚያስነካቸው ጠፋ። ሚስታቸው ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ።

እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። የጋሽ ሰይድን እጅ አውቀዋለሁ፤ በዚያ ሥራ ውስጥ ከእሳቸው እጅ ሌላ የገባው የእኔ ቅቤ ብቻ ነው። ግን ቅቤ እንዴት ክፉ ይሠራል? ለመጫወቻ ከሰጡኝ አሮጌ የፒስተን ጎማዎች እኩያ የሆኑ ሁለት መረጥኩና አንዱን በቅቤ፣ አንዱን በፍሬን ዘይት ነክሬ በሁለት ስባሪ ሲኒ ከጎተራው ሥር ደበቅሁ። በየጠዋቱ እያወጣሁ አስተያያለሁ። በሦስተኛው ቀን የተለየ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ በእርግጥ ካልሆነ ግን አልናገርም ብዬ መልሼ ነከርኩ። በአምስተኛው ቀን ቅቤ የጠጣው እንደ ረጠበ ባቄላ አብጦ፣ ጣት ሲነካው ይልመጠመጣል፤ ዘይት ውስጥ የነበረው ያው ራሱ ነው።

ሁለቱን ይዤ፣ ሐፍረት ይዞኝ ሰሞኑን ወዳልረገጥኩት ጓሮ ሮጥኩ። ቤቱ ባዶ ነበር። ከትናንት ወዲያ እቃቸውን በበቅሎ ጭነው ወደ እስቴ ከተማ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ሄደዋል።

ለእናቴ ነገርኳት። አርጩሜ ስታነሳ “መጀመሪያ ለሽማግሎቹ ልናገር፣ ከዚያ ትገርፊኛለሽ” አልኳት። ሽማግሎቹ ጎማዎቹን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ነጋዴው ተጠርቶ መጣ፤ ያበጠውን ከደህናው ጋር አስተያየና “እንግዲህ የልጅ ነገር ነው፣ አልፏል” አለ።

“አላለፈም!” አልኩ። “ስማቸውን በገበያ ነው ያጠፉት፣ በገበያ ይመልሱ!”

“ይች ዳኛ ከየት መጣችብን?” ብለው ሽማግሎቹ ሳቁ። ቢስቁም ፈረዱበት፤ በቀጣዩ ቅዳሜ እየከበደውም ቢሆን ስማቸውን በአደባባይ መለሰ። ለጋሽ ሰይድም መልእክት ተላከ። ምስጋና ላኩ እንጂ እሳቸው አልተመለሱም። ከተማው ለብዙ ዘመን ያለ መካኒክ ቀረ፤ እኔም ጥያቄዬን የሚመልስልኝ አጣሁ፤ ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቱም ቀረ፣ ብዙም ሳልቆይ ተዳርሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ልጄን እስቴ ስድር፣ አጠያይቄ መካነ ኢየሱስ ቤታቸው ገባሁ። ሸምግለዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳሟሽ ቀደሙኝ፦

“ጎማው ለማበጥ ስንት ቀን ፈጀበት?”

“አምስት።”

“እኔ ሦስት መስሎኝ ነበር” ብለው ፈገግ አሉ። ለካ ቅቤ መሆኑን ታምቡሩን የከፈቱ ዕለት አውቀውታል! ለምን እንዳልተናገሩ ስጠይቃቸው “እናትሽ ባል የሞተባት ሴት፣ አንች ጭብጥ የማትሞይ ልጅ። የዚያን ሰው ቁጣ በእናንተ ላይ ላምጣ?” አሉ።

ከሠርጉ አብረውኝ የሄዱት ሁሉ መረቋቸው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። “ጥፋቴን ማን ተሸከሙልኝ አለዎት? የእርስዎ ስም ጠፋ፣ እኔ መምህሬን አጣሁ። ይህ ምን እኩልነት አለው?”

“እውነትሽን ነው” አሉ። “አንች የምታጭውን አላሰብኩትም።”

እንግዲህ ዛሬ የከፈሉትንና ያተረፉልኝን አንድ ላይ አድርጌ ስመዝነው፣ ሊያድኑኝ ብለው የተውት ስምና ሥራ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከቁጣ ሊያድኑኝ ቢፈልጉም ግርፋቱ አልቀረልኝም። ከሽማግሎቹ ፊት እንደተመለስን እናቴ እንዳልኳት ሦስት ጊዜ ሾጥ አድርጋኛለች። ሕመሙ እስኪነጋ እንኳ አልቆየም።