ማኅተሙ የጠፋው ሃምሳ ኮፔክ

ልጅ እያለሁ አባቴ የማይጠረጥረው ነገር አልነበረም። “በነፃ” የሚል ማስታወቂያ ካየ ገልብጦ ከኋላው የተጻፈውን ይፈልጋል። ፈገግታ የሚያበዛ መኪና ሻጭ ካጋጠመው እጄን ይዞ ይወጣል። ስልክ ተሳስቶ የደወለ ሰው እንኳ “ማን ነው ቁጥሬን የሰጠህ?” ይባላል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ማለት ይወድ ነበር። ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሼ ደረሰ።

ሁለቱ በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው የባቡር ምሕንድስና ተምረዋል። ሎስ አንጀለስ ከመጡ በኋላ ግን ባቡር የነካ የለም። አባቴ ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር፤ ጋሼ ደረሰ ደግሞ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የቅመማ ቅመምና የእህል ሱቅ ነበረው። ከተማሪነታቸው የቀረላቸው ሩሲያኛውና አንድ ልማድ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በሩቅ ምሥራቅ፣ የሩሲያ ባቡር በሚያልፍባቸው ከተሞች፣ ነጋዴዎች ሻይና የአውሬ ቆዳ ሲገበያዩበት የነበረውን የወረቀት ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር።

በወር አንድ ቅዳሜ በርባንክ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የአሮጌ ገንዘብ ገበያ ይቆማል። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። አዳራሹ የወለል ምንጣፍና የቆየ ትምባሆ ይሸታል። አባቴ ወረቀቱን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ፣ ጠርዙን በጣቱ ዳስሶ፣ በማጉያ መነጽር እያየ ሻጩን እስኪሰለቸው ያቆመዋል። ጋሼ ደረሰ ይስቃል። “ተወው፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው” ሲለው ብቻ አባቴ ኪሱን ይፈታል።

አንድ ቀን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሃምሳ ኮፔክ፣ የግማሽ ሩብል ወረቀት፣ ገዙ። ትንሽ ገንዘብ ስለሆነ ተራ ቁጥር የለውም። የአባቴን ወረቀት ከጋሼ ደረሰ ወረቀት የሚለየው ጀርባው ላይ የተመታው ቀይ ማኅተም ብቻ ነበር፤ የአንድ ሻይ ነጋዴ ማኅተም ነው አሉ። አባቴ እሱን ከአልበሙ ሁሉ አስበልጦ ወደደው። ጋሼ ደረሰ የማኅተሙን ጽሑፍ ለአንድ ሩሲያዊ ደንበኛው ለማሳየት የአባቴን አልበም ለሁለት ቀን ተዋሰ፣ አሳየ፣ መለሰ።

በዚያው ሳምንት የአባቶች ቀን ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ካርድ ሠርተናል፣ እኔ ግን ካርዱ አነሰብኝ። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች። አልበሙን አውርጄ ያንን የሚወደውን አወጣሁ። ቆሽሾ ነበር፣ መሐሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለው። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፣ በፎጣ አደረቅኩት፣ ከዚያ ተኮስኩት። እርጥብ ወረቀት በጋለ ካውያ ሥር ሲንሾካሾክ አሁንም ይሰማኛል። ነጭ ሆነ፣ ቀጥ አለ። ሳገላብጠው ማኅተሙ የለም። ቦታው መልሼ ከተትኩና አልበሙን ዘጋሁ።

ቅዳሜ አባቴ ከፈተው። ወረቀቱን አውጥቶ ገልብጦ አየው። ከዚያ “ይሄ የኔ አይደለም” አለ።

መኪና ውስጥ አስገብቶኝ በቀጥታ ወደ ፌርፋክስ ነዳ። ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረገና ገባን። ምስር የተሞሉ ከረጢቶች አጠገብ ቆምኩ። ጋሼ ደረሰ እንደ ወትሮው ማስቲካ ሊሰጠኝ እጁን ሲዘረጋ አባቴ አልበሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

“ደረሰ፣ የኔን አምጣልኝ።”

“የምኑን?”

“ማኅተም ያለውን። ይሄ ያንተ ነው። አንተው ጋ ሁለት ቀን ከርሞ ነው ማኅተም የሌለው የሆነው።”

ጋሼ ደረሰ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

“የራስህን አውጣና አሳየኛ” አለው አባቴ።

“አላሳይህም። ካላመንከኝ ማየቱ ምን ይረዳሃል?”

“እኔ ነኝ” ልል ነበር፤ ግን አባቴ ያንን ሰው እንዲያ ሲያየው አይቼ፣ እኔን እንዴት ሊያየኝ እንደሚችል አሰብኩ። ወጣን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። አባቴ በርበሬ ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመረ፤ ፌርፋክስን ሲያቋርጥም በሌላኛው ወገን ይሄዳል። አልበሙ ተቆለፈበት። የጋሼ ደረሰ ሚስት እትዬ አልማዝ ከእማዬ ጋር አንድ ቸርች ስለሚሄዱ፣ እሑድ እሑድ ስንመለስ “ምን አለችሽ? ስለኔ ጠየቀችሽ?” እያለ ይመረምረናል። እማዬ አንድ ቀን አላስችል ብሏት “ታዲያ ለአንዲት ወረቀት ብለህ ወንድምህን ጣልክ?” አለችው። “አላሳይም ያለው ለምንድን ነው?” ብሎ መለሰላት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። እራት እየቀረበ አልበላም ስል ታማለች ተባልኩ።

ገና ሲቃረብ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ። አባቴ ሶፋ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ፊቱ ቆሜ “እኔ ነኝ ያጠብኩት” አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ።

“ማን ነው እንዲህ በይ ያለሽ? አልማዝ ናት?”

ያላመነኝ ቀን ያ ብቻ ነው፤ እንደዚያም አልቅሼ አላውቅም። እያለቀስኩ ሳህን አመጣሁ፣ ሳሙናውን አመጣሁ፣ ካውያውን ሰካሁ። “የተበላሸ አንድ ስጠኝ” አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ፣ ቁልፉን ፈትቶ ጠርዙ የተቀደደ፣ ሌላ ነጋዴ ቀይ ማኅተም የመታበት አንድ አውጥቶ ሰጠኝ። ልክ እንደዚያን ቀን አደረግኩ። ውሃው ቀላ።

አባቴ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያይ ቆየ። ወረቀቱን ግን አላየም።

“ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?”

“ጋሼ ደረሰን ስታናግረው ፈራሁህ።”

በማግስቱ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ይዞኝ ሄደ። ጋሼ ደረሰ ሽሮ እየመዘነ ነበር፤ ሲያየን ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ልጄ ናት ያጠበችው” አለ አባቴ። “አንተ አይደለህም።”

“እኔ አለመሆኔን እኔ አውቅ ነበር። ያላወቅከው አንተ ነህ።”

“ይቅር በለኝ።”

ጋሼ ደረሰ መሳቢያውን ከፍቶ ከፖስታ ውስጥ የራሱን ሃምሳ ኮፔክ አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረው። አባቴ ፊቱን አዞረ። “አላይም፣ አምኜሃለሁ” አለ። “አይሆንም” አለው ጋሼ ደረሰ፤ “ስድስት ወር ሙሉ ልታየው ስትፈልግ ነበር፣ እይ።” አባቴ አየ፤ ጀርባው ላይ ማኅተም የለም። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ጋሼ ደረሰ ፖስታውን መለሰና “ግባ፣ ሻይ እንጠጣ” አለው፤ ቀጥሎ ግን ረጋ ባለ ድምፅ፣ “ያንን አልበም ከእንግዲህ እኔ ፊት አትክፈት” አለ። አባቴም አልከፈተም። ወደ በርባንክ ገበያ አብረው የሄዱበት ቀን ከዚያ በኋላ የለም።

ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። አሁንም እየተገናኙ ስለ ደም ግፊትና ስለ ፓርኪንግ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ስለ ሩሲያ ገንዘብ ግን አንድም ቀን አያነሡም። መሰብሰቡ ወደ እኔ ዞሯል። የምገዛው በስልኬ ነው። ገንዘቡ በታሸገ ፕላስቲክ፣ እውነተኛ መሆኑ ተመስክሮለት በፖስታ ይመጣል። ጠርዙን መዳሰስ፣ ማሽተት የለም። ሻጩን አላየውም፣ እሱም አያየኝም። ቢያጭበረብረኝ ገንዘቤ ይመለስልኛል፣ እናም አልቀየምም። ያኔ አባቴ የጠረጠረው የሚወደውን ሰው ስለነበር ግማሽ ዓመት እንቅልፍ አጣ። እኔ በደንብ እተኛለሁ። አንዳንዴ አዲስ የመጣውን ይዤ ቁጭ ስል ግን፣ “ተወው፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው” የሚለኝ ሰው ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።