መቀናጆ የገባው የውኃ ሞተር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ሲጋመስ ነው። ዛሬም ቧንቧ ከፍቼ ውኃው ፏ ሲል ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ “ምን ትዝ ብሎሽ ነው?” ይለኛል። ትዝ የሚለኝ ይኸውላችሁ።

እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ቀሪውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ከተሞች በአባልነት የሚሰባሰቡበት አንድ ማኅበር አለ። እሱ ነው በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ላሉ ትንንሽ ከተሞች አስተባባሪ አድርጎ የቀጠረኝ። ሥራዬ የአንዱ ማዘጋጃ ቤት ጉድለት በሌላው እንዲሞላ ማገናኘት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከመሐል ሜዳ በሚኒባስ እየተነሣሁ አንዱን ከተማ ስለቅ ሌላውን ስይዝ፣ በየስብሰባው የምሰማው ጥያቄ ያው ነው፤ “አባል መሆናችን ምን ፈየደልን?” እውነቱን ልናገርና አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም።

ያን ሰሞን ታዲያ የአንዲት የመንዝ ከተማ የውኃ ሞተር ተቃጠለ። አዲሱ እስኪመጣ ክረምት ይገባል ተባለ። እናቶች ጀሪካን አዝለው ገደል መውረድ ጀመሩ። እሱስ እንደምንም ይቻል ነበር። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ግን፣ “ውኃ ከሌለ የማዋለጃ ክፍሉን መዝጋቴ ነው። ባልታጠበ እጅ አላዋልድም!” አለችኝ። በረንዳው ላይ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ተቀምጠዋል። ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን ያንን ኮረኮንች መንገድ ምጥ ይዟት የሄደች ሴት ታውቀዋለች።

በመርሐቤቴ በአንዲት ከተማ መጋዘን ውስጥ አንድ ትርፍ ሞተር እንዳለ አውቅ ነበር። የመንዟን ከተማ የውኃ ባለሙያ ጋሽ ደምሴን ይዤ ገሠገሥኩ።

ከንቲባውና የአገር ሽማግሌዎቹ አዳራሽ ተሰብስበው ጠበቁን። ከንቲባው ደግ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው አልተፈታም። “እኅቴ፣ ነገ የኛው ቢቃጠልስ? ሕዝቡ ማንን ነው የሚይዘው? እኔን!” አሉ።

አባ ውቤ የሚባሉ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው ቀበል አደረጉ። “መንዜ ደግሞ ይበርደዋል እንጂ ይጠማዋል እንዴ?”

ጋሽ ደምሴ መች ዝም ይላሉ! “ብርድ የሚጠጣ ቢሆንማ አባ፣ እናንተ ጋ ምን ያመጣን ነበር?”

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቁ ሳይበርድ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

“አባቶቼ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች ምን ያደርጋሉ? መቀናጆ ይገባሉ። ሁለቱን በሬ ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። እናንተ ሞተር አላችሁ፤ የተበላሹ ቦኖዎቻችሁን የሚጠግን ግን የላችሁም። እነሱ ጋሽ ደምሴ አላቸው። ታዲያ ይኼ ከመቀናጆ በምን ይለያል?”

አባ ውቤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። “ሕጉንስ ታውቂዋለሽ፣ አንቺ ልጅ? የሰው በሬ ከራስ በሬ ቀድሞ ይበላል። ከስቶ የተመለሰ በሬ ሁለተኛ አይሰጥም።”

“አውቃለሁ አባ።”

“እንግዲያው ሞተሩን ምን ልታበዪው ነው?”

ሳቁ አዳራሹን አናጋው። ያቺ አዋላጅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለችብኝ። “ስንመልሰው ያዩታል” ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጥቂት ተንሾካሾኩና ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ውሰዱት። ጋሽ ደምሴ ግን ቦኖዎቹን ሳይጠግን ከዚህ ንቅንቅ አይላትም!”

ሁዳዴ ባይሆን ኖሮ እልልታዬን አቀልጠው ነበር። ዋጥኩት።

ጋሽ ደምሴ ቦኖዎቹን ጠግነው ሞተሩን ይዘን ተመለስን። ሞተሩ ተተከለ፣ ውኃው መጣ፣ የማዋለጃው በርም ሳይዘጋ ቀረ። እነዚያ በረንዳ ላይ የነበሩ ሴቶች እዚያው ተገላገሉ።

ክረምት ሲገባ አዲሱ ሞተር ደረሰ። የተዋስነውን ለመመለስ ወደ መንዟ ከተማ ስሄድ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ጋሽ ደምሴ አጥበው ወልውለው፣ አሮጌውን የኤሌክትሪክ ገመድ በአዲስ ቀይረውለታል። ከላይ ደግሞ በአዲስ ጥቁር የባና ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ለካ የአባ ውቤ ጥያቄ ከተማውን አዳርሷል! ሴቶቹ ከአራስ ቤት ሲወጡ የበግ ፀጉር አዋጥተው ፈትለው፣ የአንዷ ባል ሠርቶት ኖሯል። “መንገዱ እንዳያንገላታው ነው” አሉኝ፣ ልጃቸውን የሚልኩ ነው የሚመስሉት።

መርሐቤቴ ስንደርስ አባ ውቤ ባናውን ገለጥ አድርገው ሞተሩን አዩት። ከዚያ ባናውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ያ ሁሉ ተረባቸው የት እንደገባ እንጃ። “ጠግቦ ነው የመጣው” አሉ ቀስ ብለው። ወደ ከንቲባው ዞረውም፣ “ይኼስ ደግሞ ይሰጣል” አሉ።

እውነትም ተሰጠ። ከመስቀል በኋላ የግሼ ሰዎች ቸገራቸውና ያንኑ ሞተር ሊዋሱ ሄዱ። አባ ውቤ፣ “ባናውም አብሮት ይሄዳል። ግሼም ብርድ ነው” ብለው ሸኟቸው አሉ።

ወሬውን እንደሰማሁ መሐል ሜዳ መንገድ ዳር ወጥቼ ጠበቅኩት። የጫነው መኪና አቧራውን እያጨሰ መጣ፤ ሞተሩ ባናውን እንደለበሰ ከኋላ ተቀምጧል። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ የዋጥኩትን እልልታ እዚያው መንገድ ላይ አቀለጥኩት። ሰው ሁሉ ሙሽራ ያለፈ መስሎት ዞረ።