ድንበሩን ያለፈች ብሎን

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ውርጭ» ነው የሚለው። የመኪና ኤሲ ሠሪ ስለሆነ ነው እንጂ ጠባዩስ ፍል ውሃ ነው፤ ሲስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ይሰማል፣ ሲቆጣ ደግሞ ቀድሞ የሚደነግጠው ራሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲያቀዘቅዝ የእኛዋ መኪና ግን ስድስት ዓመት እንደ ምድጃ ነደደች። እናቴ «መቼ ነው የምትሠራልን?» ስትለው «ነገ» ይላል። ነገ የምትባለውን ቀን እኛ ቤት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የምናውቃት፤ ስሟ ይነሳል እንጂ አትመጣም።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። እማዬ ቤት ውስጥ ኬክ እየጋገረች ትሸጣለች። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ጭነን በጠራራ ፀሐይ ስንሄድ ክሬሙ ቀለጠና ሦስተኛው ፎቅ ሁለተኛው ላይ፣ ሁለተኛው ደግሞ እኔ ጭን ላይ ተኛ። እማዬ ቤት ገብታ የክሬም መምቻ ማሽኗን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለችው፤ በቃ፣ እዚያው ቀረ። አባዬ በዚያ ቁም ሳጥን አጠገብ ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ አያይም ነበር።

ዘንድሮ አንድ አዲስ ሆቴል፣ የድሮ ኬኳን የቀመሰ ሰው ጠቁሞት፣ ለምረቃው ባለ አምስት ፎቅ ኬክ አዘዛት። ሥራ አስኪያጇ ነገሩን አላድበሰበሰችም፤ «ቆሞ ከደረሰ የሆቴሉን ኬክ ሁሉ እርስዎ ይሠራሉ። ከተንጋደደ ግን ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለቻት። መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም በቀትር። እማዬ ማሽኗን አወረደች። አባዬም ቅዳሜ ማለዳ ቱታውን ለብሶ ግቢ ወጣ። ነገ መጣች!

ችግሩ ኢቫፖሬተሩ ነበር፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ። ተበስቶ ጋዙን ያፈስሳል። ወፍራም መጽሐፍ ቢያክል ነው፤ እሱን ለማውጣት ግን የመኪናዋን ፊት በሙሉ መግፈፍ ያስፈልጋል። አባዬ መሪውን ነቀለ፣ ሬዲዮውን ነቀለ፣ በመጨረሻም ዳሽቦርዱን እንዳለ ተሸክሞ አቧራ እንዳይነካው ሳሎን ሶፋው ላይ አስቀመጠው። ቀኑን ሙሉ እንደ ክቡር እንግዳ ተንሰራፍቶ ዋለ። ሊጠይቀን የመጣው አጎቴ መቀመጫ አጥቶ ሻዩን ቆሞ ጠጣ።

አባዬ ብሎን ቆርቆሮ ውስጥ አያጠራቅምም። እያንዳንዷን በትንንሽ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፣ በወጣችበት ተራ ይደረድራል፤ ሲገጥም ከመጨረሻዋ ተነስቶ ወደ መጀመሪያዋ ይመለሳል። እማዬም ለኬክ ጌጥ የሚሆኑትን ብርማ የስኳር እንክብሎች በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ ለየአበባው ቆጥራ ትደረድራለች። ማን ከማን እንደኮረጀ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ጠረጴዛችን አንድ ስለሆነ መሃሉ ላይ ቀይ ክር ዘረጉ፤ ወዲህ መኪና፣ ወዲያ ኬክ።

«ይህን ክር ያለፈ ወየውለት!» አለች እማዬ፣ ዱቄት የነካ ጣቷን ቀስራ።

«እኔስ ያንቺ ክሬም ብሎኔን እንዳያበላሽብኝ ነው የምፈራው» አላት።

ድንበሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ትኩስ ትሪ ይዤ ማሳረፊያ ሳጣ ወረቀቶቹን በክርኔ ገፋ ገፋ አደረግኳቸው፤ ከዚያ ቦታቸው የመሰለኝ ቦታ መለስኳቸው። ማንም አላየኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ወደ አመሻሹ ላይ አዲሱ ኢቫፖሬተር ገብቶ፣ የጎማ ቀለበቶቹ ተቀይረው፣ ጋዙ ተሞልቶ ነበር። እማዬ አበቦቿን በወረንጦ ታስጌጣለች፤ መነጽሯ በላብ ስለተጋረደ በዳበሳ ነው። አባዬ ዳሽቦርዱን እየገጠመ መጨረሻ የቀረችው ወረቀት ላይ ደረሰ። ብሎን የለባትም፤ አንዲት የስኳር እንክብል ተቀምጣባታለች። ፊቱ በራ።

«እናትሽን አየሻት?» አለኝ በሹክሹክታ። «ሃያ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ደህና ሠራህ ብላኝ አታውቅም። ዛሬ ይኸው!»

ጎረሳት። ብሎኗ ትዝ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ሶፋው ሥር፣ ድስት ውስጥ፣ ጫማው ውስጥ ፈለጋት፤ የለችም። እንክብሏ የብሎን ቦታ ከተቀመጠች ብሎኗ የት እንደተቀመጠች ገብቶኛል፤ አናቷ ክብና ብርማ ስለሆነ ከእንክብል አትለይም። ጠዋት ኬኩን ደጋግሜ ዞርኩት፤ ሦስት መቶ እንክብል ሁሉም ያብለጨልጫል።

እሁድ ቀትር ላይ ተነሳን። አባዬ ኤሲውን ሲከፍት ዳሽቦርዱ ሳሎን ውሎ የጠጣውን የስኳር ዱቄት ፊታችን ላይ ተፋው። ስናስል ስንስቅ ቅዝቃዜው መጣ፤ እውነተኛ፣ ጆሮ የሚቆነጥጥ ቅዝቃዜ! በደስታ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ክሬሙ ንቅንቅ አላለም። ዳሽቦርዱ ግን ትር፣ ትር፣ ትር ይላል። አባዬ የማያውቀው ሰው መኪና ሲንኳኳ ሰምቶ መንገድ ላይ የሚያስቆም ሰው ነው።

«ለአንድ ደቂቃ አቁሜ ልየው?»

«ብታቆም እዚሁ እንፋታለን!»

ጥርሱን ነክሶ ነዳ።

ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ሥራ አስኪያጇ ኬኩን ዞረችው። ቆሟል። ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔም ተከትዬ ዞርኩ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት አበባ መሃል፣ አናቷ ላይ የመስቀለኛ ጭረት ያለባት እንክብል አየሁ። አባዬም አያት። በዚያችው ቅጽበት ሥራ አስኪያጇ «እስቲ አንድ ልቅመስ» ብላ እጇን ወደዚያችው አበባ ሰደደች። አባዬ ቀደማት። ብሎኗን ከነክሬሟ ነቅሎ አፉ ውስጥ ከተታት።

«ይቅርታ» አለ ጉንጩን ወጥሮ። «ባለቤቴ የሠራችውን ሳልቀምስ ለሰው አላስቀምስም።»

«እና እንዴት ነው?»

«ጠንከር ይላል። ግን ይጣፍጣል።»

ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ሌላ እንክብል ከነክሬሙ ቀመሰችና የእማዬን እጅ ጨበጠች፤ «ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ እንጠብቅዎታለን።»

መኪና ውስጥ አባዬ ብሎኗን ከአፉ አውጥቶ ጠረጋትና ቦታዋ ላይ አጠበቃት። እኔም ጥፋቴን አንድ በአንድ፣ አባዬ የምስጋና መስላው የጎረሳትን እንክብል ሳይቀር፣ ተናዘዝኩ። እማዬ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ሳቁ አመለጣት፤ ሦስታችንም ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።

ሳቁ ሲበርድ አባዬ ቁልፉን ሊያዞር ብሎ ተወው።

«እንግዲያ ያቺ ስኳር… ለእኔ አልነበረችማ።»

እንደ ዋዛ ነው ያለው፤ ድምፁ ግን ዋዛ አልነበረም። እማዬ አየችው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብላ አፍሽን ያዢ የሚል ዓይን ጣለችብኝ።

«ላንተ ነበረች» አለችው። «የዚችን ልጅ ወሬ አትስማ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩልህ። ደህና ሠርተሃል።»

አባዬ ሞተሩን አስነሳ፤ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። እስከ ቤት ድረስ ከኋላ በብርድ ስንቀጠቀጥ «ኧረ ቀንሱት!» ብል የሰማኝ የለም።