ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ

ትርሲት እናቷ ብርቄ የሞተች ቀን አላለቀሰችም። የወልቂጤ ሰው ጉድ አለ። «ምን ዓይነት ድንጋይ ናት!» ያሉም ነበሩ፤ ሰው መቼ አፉን ይይዛል! እሷ ግን ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብላ በሩን በሩን ታይ ነበር። የምትጠብቀው አብሮ አደጓን ሰርካለምን ነው፤ ብርቄ ከልጇ ሳትለይ አብልታ ያሳደገቻትን። ስትመጣ ተቃቅፈን እናለቅሳለን ብላ ነበር። ሰርካለም ለቀብርም፣ ለሠልስትም፣ ለአርባም ሳትመጣ ቀረች። እንባውም እዚያው ቀረ።

እንግዲህ አገሩን ለሚያውቅ፣ ከወዳጁ ለቅሶ የቀረ ሰው ሰው አይባልም። ትርሲት ግን አልተሳደበችም፣ ሽማግሌም አልላከችም። ወደ ልብስ ስፌቷ ተመለሰች። ብትበላ አይጣፍጣት፣ ቢያስቋት አትስቅ። ሰርካለምን መንገድ ላይ ስታገኛት እንደ መብራት ምሰሶ አይታ ታልፋታለች።

ለንስሐ አባቷ ለቄስ አስረስ፣ «አባ፣ ይቅር ማለት አቃተኝ። ጠልቻትም አይደለም፤ ምንም አይሰማኝም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ሥጋ ወደሙን ስትቀበዪ ሁልጊዜ ልብሽ ይሞቃል?»

«አይ፣ አይሞቅም።»

«ታዲያ ትቀሪያለሽ? በእምነት ትቀበያለሽ። ይቅርታም እንደዚያው ነው። ስትመጣ በሩን ክፈቺላት፤ የቀረውን ለፈጣሪ ተዪለት።»

«አትመጣም» አለች ትርሲት።

መጣች! ሁለት ዓመት ቆይታ፣ መስቀል ሊገባ ሲል፣ በጠራራ ፀሐይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ብርቄ ዛሬ ጠዋት የሞተች ይመስል እየጮኸች ሰፈሩን ዘለቀችው። ለቅሶ ዘግይቶም ይደረሳል፣ ልማዱ ነው። ግን ሁለት ዓመት! ባጃጅ ሳይቀር ቆሞ አያት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሐዘንተኛዋ ወጥታ ካልተቀበለቻት ሰርካለም ተዋርዳ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታርቅ የለም። ሁሉም የትርሲትን በር ያይ ጀመር።

ትርሲት መቀሷን እንደያዘች ቁጭ ብላለች። ልቧን ፈለገችው፤ የለም።

«ኧረ አላህን ፍሪ!» አለቻት ጎረቤቷ ከድጄ በአጥሩ በኩል። «ለቀስተኛ ደጅ ይቆማል እንዴ?»

ትርሲት ተነሳች። ራርታ አይደለም፤ አባ ክፈቺ ስላሏት ነው። ወጥታ የሰርካለምን ክንድ ይዛ አስገባቻት፣ አስቀመጠቻት።

«ለምን ቀረሽ?» አለቻት።

«ምክንያት የለኝም» አለች ሰርካለም መሬት መሬት እያየች። «የመስቀል ገበያ ነበር። ያዲሳባ ሰው ቅቤዬን እየተጋፋ ሲገዛ፣ ዛሬን ልሽጥና ነገ እደርሳለሁ አልኩ። በማግስቱ አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ መምጣቱ ከበደኝ። ለቅቤ ብዬ ነው፣ ትርሲትዬ። ሌላ የለውም።»

ለቅቤ! ትርሲት ውሸት ቢሆን በወደደች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ነው። ልቤ ግን ምንም አይለኝም። እንባም የለኝም፤ አብራኝ ታለቅሳለች ብለሽ እንዳትጠብቂ።»

«ግድ የለም። እኔ ላንቺም አለቅሳለሁ።»

አለቀሰችም። አሁን እንደ መንገዱ አልጮኸችም። «አዶት፣ አዶት» እያለች፣ በጉራጊኛ እናቴ እናቴ እያለች፣ ብርቄን በስሟ ጠራቻት። ወንዝ ሲሞላ ሁለቱን በየተራ አዝላ ማሻገሯን፣ ትኩስ ቆጮ በእጇ እየቆረሰች ማጉረሷን፣ አንዷ ስታጠፋ ሁለቱንም መግረፏን አንድ በአንድ አነሳችው። ከሁለቱ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።

ትርሲት እናቷ መሞቷ የገባት ያን ጊዜ ነው።